የወይዘሮ እናትነሽ ሐሙስ

«እማዬ ጭንቅላቷ እየሄደ ነው» አለ ዕዝራ ለሚስቱ፣ ገና ጎህ ሳይቀድ። እናቱ ወይዘሮ እናትነሽ በሚቀጥለው ክፍል አልጋቸው ጫፍ ላይ ተቀምጠው ነጠላቸውን እያጣጠፉ ነበር። የሁለቱን ክፍል ግድግዳ የሠራው ሰው ሲሚንቶ ቆጥቦ ስለነበር እንኳን ንግግር ማዛጋትም ያሳልፋል። «ቀስ በል፣ ይሰማሉ» አለች ሚስቱ ሺታዬ። «ብትሰማስ? ባለፈው ሐሙስ ጀንበር ልትጠልቅ ስትል በማላውቀው ሰው ፒክአፕ ተጭና መጣች። የት ነበርሽ ስላት ምን አለችኝ? ‹ዛፎቹ ጋ›። ጤነኛ ሰው ዛፎቹ ጋ ነበርኩ ይላል?» የጣሪያው ማራገቢያ የሞቀውን አየር ከወዲያ ወዲህ ያመላልሳል። ከዚያ ዕዝራ፣ የቤት ሠራተኛዋ ከለቅሶ እስክትመለስ ድረስ የውጭውን በር ቆልፈው እንደሚሄዱ ተናገረ። «ኧረ ዕዝራ! ሰው ላይ ቁልፍ?» አለች ሺታዬ። «ለእሷው ብዬ ነው። በዚህ ሙቀት መንገድ ላይ ብትወድቅ ማን ያነሳታል?» ሺታዬ ጫማዋን ስትፈልግ ተሰማ።

ወይዘሮ እናትነሽ ነጠላቸውን አጥፈው ጨረሱና መልሰው ዘርግተው እንደገና አጠፉት። ሆድ አልባሳቸውም፤ ይልቅ ነገሩ እውነት ይሆን ወይ የሚል ጥርጣሬ ገባቸውና ራሳቸውን ለመፈተን ቆረጡ። በሰባ ሰባት ከወሎ ወደ ጋምቤላው አቦቦ ለሠፈራ ሲመጡ በአንድ መኪና የተጫኑትን ሰዎች፣ ከሹፌሩ ጀርባ ከነበሩት ጀምረው በየስማቸው ጠሩ። የባላቸው የወንዳፈረው አጎት፣ ‹ቀንድ የሌላት ፍየሌን ካልያዝኩ አልሄድም› ያለችው ሴትዮ፣ መንገድ ላይ የተወለደችው ሕፃን፣ የሕፃኗ የክርስትና ስም ሳይቀር ሁሉም በየቦታቸው ተቀምጠው ነበር። ቀጥሎ ትናንት ራት ምን እንደተበላ፣ ከትናንት ወዲያ ደግሞ ሺታዬና ዕዝራ በምን እንደተኮራረፉ አስታወሱ፤ እሱም አለ። «ታዲያ ምኑ ነው የሄደው?» አሉ ለራሳቸው፣ ነገሩ ትንሽ እያሳቃቸው።

ቁርስ ላይ ሰው ሁሉ ከወትሮው የበለጠ ደግ ሆነ። ሺታዬ የቢሮ ሰዓቷ እየረፈደባት ዳቦውን ማር ቀብታ ሰጠቻቸው፤ ምሳቸውንም ሙቀት በሚይዘው ምሳ ዕቃ አድርጋ፣ ክዳኑ እንዳያስቸግራቸው ላላ አድርጋ ገጠመችው። ዕዝራ ቴሌቪዥኑን መዝሙር የሚያስተላልፍ ጣቢያ ላይ አደረገና ድምፁን ከፍ አድርጎ ለቀቀው፣ እናቱ ከእሱ የተሻለ ጆሮ እንዳላቸው ትዝ ሳይለው። ስለ በሩ ማንም አልተናገረም። እሳቸውም አልጠየቁም። በዚያ ቤት ሁሉም ሌላው እንዳይከፋው እያለ ዝም ስለሚል፣ ዝምታው ከሶፋው የበለጠ ቦታ ይይዝ ነበር። ዕዝራ አውሮፕላን ማረፊያ ሻንጣ ከሚያወርዱና ከሚጭኑ ሠራተኞች አንዱ ነው፤ ቢጫ ሰደርያውን እንደለበሰ ጎንበስ ብሎ ግንባራቸውን ሳማቸው። ዓይኖቹ እንቅልፍ አጥተው ቀልተዋል። «እረፊ እሺ እማዬ፣ ምንም ነገር እንዳትነኪ» አለ። ከዚያ የቆርቆሮው በር ተዘጋ፣ ሰንሰለት ተንሿሿ፣ አንድ ነገር ቀጭ አለ።

ባላቸው ሞተው፣ የአቦቦውን መሬት ለጎረቤት አከራይተው ጋምቤላ ከተማ ልጃቸው ቤት ከገቡ ወዲህ ወይዘሮ እናትነሽ በየቀኑ የሚሰሙት ቃል ይኸው «እረፊ» ነው። ግቢው ከጥግ እስከ ጥግ ሴራሚክ ተነጥፎበታል። ዕዝራ የአቦቦ ጭቃ ውስጥ ያደገ ልጅ ስለሆነ ትንሽ ብር እጁ ላይ ሲገባ መጀመሪያ ያደረገው አፈር ከዓይኑ እንዲጠፋ ነው። አንድ ጊዜ እናቱ ጎመን ልዝራ ብለው ባዶ የቀለም ባልዲ አፈር ሞልተው ነበር፤ ሺታዬ «ትንኝ ይሰበስባል» ብላ በትሕትና አስደፋችው። ልብስ ልጠብ ሲሉ ማሽን አለ። ሽንኩርት ልላጥ ሲሉ ሠራተኛዋ ቢላዋውን ከእጃቸው ትቀበላለች። ዕድሜያቸውን ሙሉ በቆሎና ማሽላ ሲያርሙ ለኖሩ ሰው፣ ማረፍም እንደሚያደክም ለማን እንደሚናገሩት ጠፋቸው።

የዛፎቹ ነገር የመጣው እንዲህ ነው። ዕዝራ ከአቦቦ ሲያመጣቸው መኪናው መንገድ ዳር ከቆመ ትልቅ ሰሌዳ አጠገብ አለፈ። ወይዘሮ እናትነሽ ፊደል የቆጠሩት በመሠረተ ትምህርት ነው፤ ማንበብ ያነባሉ፣ ግን ቃሉን እንደ ትኩስ የበቆሎ ጥብስ እያገላበጡ ነው። «የአገር» የሚለውን እንደጨረሱ መኪናው ጥሎት ሄደ። የአገር ምን? ነገሩ ለሳምንታት ሲከነክናቸው ቆየ። ልጃቸውን እንዳይጠይቁት ሥራ የፈታ ሰው ጥያቄ መሰላቸው። በመጨረሻ አንድ ሐሙስ ሠራተኛዋ ገበያ እንደወጣች ባጃጅ ይዘው የቀረውን ሊያነቡ ሄዱ። «የአገር በቀል ዕፅዋት መጎብኛ» ይላል። እዚህ ድረስ ከመጡ አይቀር ብለው ገቡ፤ ከዚያ ወዲህ ሐሙስ የእሳቸው ቀን ሆነ።

አሁን ያ ሐሙስ ከበሩ ውጭ ቀርቷል። ቴሌቪዥኑን አጠፉና በሩን ገፋ አደረጉት። በስንጥቁ በኩል ሲያዩ የተንጠለጠለችው አውራ ጣት የማታክል የቻይና ቁልፍ ናት። እስከዚህ ድረስ ያልመጣው ንዴት አሁን መጣ። ቁልፉ ወፍራም ቢሆን ኖሮ ምናልባት ባልተናደዱ፤ ይቺን አይተው ግን «ለእኔ ይቺ በቃችኝ ማለት ነው?» አሉ። ወደ ጓሮ ዞሩ። ግቢውን ከጎረቤት የሚለየው ግንብ ከራሳቸው ትንሽ ከፍ ይላል፤ ከግንቡ ማዶ የፋጢማ ሱቅ ጓሮ ነው። ፋጢማ አባቷ ለንግድ ከደሴ መጥተው እዚሁ የቀሩባት፣ ጋምቤላ ተወልዳ እዚሁ የወለደች፣ ሳቋ ከሱቋ ቀድሞ የሚሰማ ሴት ናት። ባሏ ሱሌማን ወደ ፑኝዶ ከተማ ዕቃ እያመላለሰ ይነግዳል፤ እሷ ከስኳሩና ከሳሙናው መሐል ትውላለች።

«ፋጢማ!» ብለው ተጣሩ።

«አቤት እማማ! ምን ላቀብልዎት?»

«መሰላል።»

የፋጢማ እርምጃ ወደ ግንቡ ቀረበ። «የምን መሰላል?»

«ከላይኛው መደርደሪያ ዕቃ የምታወርጅበትን። ልጄ ቆልፎብኝ ሄዷል።»

ፋጢማ መጀመሪያ ሳቀች፤ ሳቋን ሳትጨርስ ደነገጠች። «ወላሂ ዕዝራ? ያ ጨዋ ልጅ?»

«ጨዋ ስለሆነ እኮ ነው። ጭንቅላቷ ሄዷል ብሎ ፈርቶልኝ ነው።»

«ሄዷል እንዴ?»

«ጠዋት ቆጥሬው ነበር፤ አለ።»

መሰላሉ ከማዶ ተደገፈ። በወዲህ በኩል ወይዘሮ እናትነሽ የውሃ ታንከሩ የተቀመጠበት ሲሚንቶ ላይ የፕላስቲክ ወንበር አወጡና ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አጥብቀው አሰሩ። ፋጢማ ከታች ሆና መሰላሉን በሁለት እጇ ጨምድዳ ይዛ «እማማ፣ ወድቀው እግርዎ ቢሰበር ዕዝራ እኔን ነው የሚሰቅለኝ!» ትላለች። «እኔ ማሽላ ሊበላ የመጣ ዝንጀሮ ለማባረር ስንት ዓመት ማማ ላይ ስወጣ የኖርኩ ሰው ነኝ። አንቺ መሰላሉን ብቻ ያዢ።» ጉልበታቸው አንድ ሁለቴ ቂው አለ እንጂ አላሳፈራቸውም። ግንቡ ጫፍ ላይ እግራቸውን ወዲያና ወዲህ አንፈራጠው እንደተቀመጡ ግን መውረዱን ተዉት። ከዚያ ላይ የሠፈሩ ቆርቆሮ ሁሉ ሲያብለጨልጭ፣ የኒም ዛፎቹ ራስ ሲወዛወዝ፣ የሆነች ሴትዮ ጣሪያ ላይ በርበሬ ስታሰጣ ይታያል። «ይውረዱ እንጂ እማማ!» አለች ፋጢማ። «ቆይ እስቲ፣ እዚህ ነፋስ አለ» አሉ።

ፋጢማ ብቻቸውን ልትለቃቸው አልፈለገችም። «ወዴት ነው ለመሆኑ?» ብትል «ዛፍ ለማየት» አሏት። «ዛፍ ብቻ?» «ዛፍ ብቻ።» ይህን ስትሰማ ዕዝራ የጠረጠረውን እሷም ለአንድ አፍታ ሳትጠረጥር አልቀረችም። ግን ሴትየዋ ረጋ ብለው ከሻሻቸው ላይ የግንቡን አቧራ ሲያራግፉ አየችና የሱቁን መዝጊያ ከላይ ወደ ታች ጎትታ ዘጋችው። በሥራ ቀን፣ ጠዋት ሱቅ ዘግታ የወጣችው ልጅ ልትወልድ ስትል ብቻ ነበር። የመጀመሪያው ባጃጅ ገና ሳይቆም ሹፌሩ «እማማ፣ ዛፎቹ ጋ?» ሲል ፋጢማ ዘወር ብላ አየቻቸው። ወይዘሮ እናትነሽ ምንም እንዳልሰሙ ገብተው ተቀመጡ።

ግንቦት ሊገባ ጥቂት የቀረው ጊዜ ነበር፤ ሁለት ዝናብ ጥሎ ያባራበት፣ ጠዋቱ ሳይጀምር እኩለ ቀን የሚሆንበት። በአቦቦ መንገድ ከከተማው ወጣ ሲሉ የባጃጁ ሸራ እየተርገበገበ ትኩስ ነፋስ ያስገባላቸው ጀመር። በሩ ላይ ቲኬት የምትቆርጠውና ቦታውን የምትንከባከበው ኛጃል የምትባል ቁመተ ረዥም የኑዌር ሴት ናት። ከጥላዋ ተነሥታ እጅ ነሳች። «እማማ! ዛሬ ሁለት ሆነሽ መጣሽ» አለች በሰፊው እየሳቀች። ኛጃል በአማርኛዋ አንቱታ አታውቅም፤ ወይዘሮ እናትነሽንም ከማንም አንቱታ ይልቅ ይህ «አንቺ» ወጣትነታቸውን ያስታውሳቸዋል። ፋጢማ ዋጋውን ስትሰማ ቦርሳዋን መልሳ ዘጋች። «ሃያ ብር? ዛፍ ለማየት?» «ሰው ማየት ከሆነ ገበያ ሂጂ» አለቻት ኛጃል፣ «እዚያ በነጻ ነው።» ፋጢማ ሳቋ አመለጣትና ከፈለች።

መጀመሪያ ላይ ፋጢማ የምትፈልገው የምትቀመጥበት ነገር ነበር። በጥቁር አባያዋ ስር ላቧ ይንቆረቆራል፤ ስልኳን ደጋግማ ታያለች። «ኒሙ የታል? ማንጎስ የለም እንዴ?» አለች ግራ ቀኙን ቃኝታ። ኛጃል ከኋላቸው ሆና «ኒም፣ ማንጎ፣ ከሌላ አገር ነው የመጣው። እዚህ የዚህ አገር ዛፍ ብቻ ነው የሚገባው» ብላ አስረዳቻት። ፋጢማ ቆም አለች፤ እሷ የደሴ ሰው ልጅ፣ አጠገቧ ያሉት ሴትዮ የወሎ ሠፋሪ። «ታዲያ እኛን በምን አስገቡን?» አለች። «በሃያ ብር» አሉ ወይዘሮ እናትነሽ። ሦስቱም ሴቶች እየሳቁ ተደጋገፉ፣ ኛጃልም ነጠላ ጫማዋ ወልቆ ወደ ኋላ ተመልሳ አነሣችው።

ወይዘሮ እናትነሽ መንገዳቸው የታወቀ ነው፤ ከበሩ ወደ ግራ፣ በቀርከሃው አድርገው፣ ትንሹን ድልድይ ተሻግረው። ቀርከሃው ስር ሲያልፉ ከላይ እርስ በርሱ እየተፋጨ አሮጌ አልጋ ላይ የተኛ ሰው ሲገላበጥ የሚሰማውን ዓይነት ድምፅ ያሰማል። በየዛፉ ስር ትንሽ ሰሌዳ ቆሟል፤ በላይ በአማርኛ፣ ዝቅ ብሎ በአኙዋክኛና በኑዌርኛ፣ ከስር ደግሞ ማንም በማያነበው የሳይንስ ስሙ። በመጡ ቁጥር አንድ አዲስ ሰሌዳ ያነባሉ፤ ከአንድ አያልፉም። የዛሬው ተራ የአንድ ትልቅ፣ ቅርንጫፉ ዝቅ ያለ፣ ቅጠሉ የደቀቀ ዛፍ ነበር። ጎንበስ ብለው ከንፈራቸውን ማንቀሳቀስ ሲጀምሩ ፋጢማ ከኋላ ቀድማ አየችውና አፏን ከፈተች። «እንዳታነቢልኝ!» አሏት ቀና ሳይሉ። ፋጢማ አፏን በእጇ ያዘች። «ሮ... ቃ» አሉ ቀስ ብለው፣ «ሮቃ።»

ፋጢማ እጇን ከአፏ ላይ አነሣች። «ሮቃ? የእኛ ሮቃ? ለረመዳን ዘፍዝፈን የምንጠጣው?» ቅርንጫፉን ቀና ብላ አየች። ቡናማው ፍሬ እንደ ጣት ጎበጥ ጎበጥ እያለ በየቦታው ተንጠልጥሏል። አንዱን ከመሬት አንሥታ ቅርፊቱን ሰበረችና ቀመሰችው፤ ፊቷ ተጨማደደ፣ ምራቋ ሞላ። «ያ አላህ! ከአባቴ ጊዜ ጀምሮ ስሸጠው፣ በኪሎ ስመዝነው! ከዛፍ ላይ እንደሚወርድ አስቤም አላውቅ። ከጅማ በጆንያ ተጠፍጥፎ ሲመጣ የሆነ ፋብሪካ የሠራው ነበር የሚመስለኝ።» ከዚያ በኋላ ስልኳን አላየችም። ቅል የሚያህል ረዥም ፍሬ በገመድ የታሰረ ይመስል የሚያንጠለጥለውን ዛፍ ስታገኝ ስሩ ቆማ «ይሄ የሰው ራስ ላይ ቢወርድስ?» እያለች ትከራከራለች፤ ሽታው የሚጣፍጥ ቅጠል ስታገኝ ጨምቃ ለወይዘሮ እናትነሽ አፍንጫ ታቀርባለች። በአንድ ወቅት ዞር ብለው ሲያዩአት ጫማዋን አውልቃ በእጇ ይዛለች።

ከድልድዩ ማዶ፣ ለስላሳ ጥላ ያለበት አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጡ። ወንዝ ለማለት የማይበቃ ውሃ ከሥራቸው ይሄዳል። ፋጢማ እግሮቿን ዘረጋች። «እማማ፣ እዚህ መጥተው ምን ያደርጋሉ?» አለች በመጨረሻ፣ እንደ መጀመሪያው ሳይሆን የእውነት ማወቅ ፈልጋ። ወይዘሮ እናትነሽ አሰቡ። «አቦቦ ስንመጣ ጫካውን ስንመነጥር እነዚህን ዛፎች ሁሉ አይቻቸዋለሁ። ስማቸውን ግን ማን ይነግረን? እንጨት ነበር የምንላቸው። አሁን በየሳምንቱ አንድ ሰው እንደማወቅ ነው» አሉ። ቀጠሉና «ደግሞ እዚህ ተቀመጪ የሚለኝ የለም። ስለዚህ እቀመጣለሁ።» ፋጢማ ጭንቅላቷን ነቀነቀች። «እውነትዎን ነው። እኔንም ከገባሁ ጀምሮ ‹ስኳር አለ?› ያለኝ የለም።»

ስልኳ የጮኸው ያን ጊዜ ነው። ሺታዬ ናት፤ ለምሳ ቤት ደርሳለች። «ፋጢማ፣ እማማ የሉም! በሩ እንደተቆለፈ ነው፣ እሳቸው ግን የሉም! ዕዝራ ጋ ደውዬ ሊሞት ነው!» ፋጢማ ስልኩን ከጆሮዋ አርቃ በጭንቀት አየቻቸው። ወይዘሮ እናትነሽ ስልኩን ተቀበሏት። «ሺታዬ፣ ልጄ፣ እኔ ነኝ። ደህና ነኝ፣ ፋጢማም አብራኝ አለች። አይዞሽ አታልቅሺ፣ ቁልፉ የአንቺ ሐሳብ እንዳልሆነ ሰምቻለሁ። አሁን ሽሮውን አሙቂና ብዪ። ዕዝራን ግን ወደዚህ ላኪልኝ፤ ከአውሮፕላን ማረፊያው ሲመጣ መንገድ ላይ ነው፣ ሰሌዳውን ያነብበዋል።» ሺታዬ ከወዲያ በኩል «እሺ እማማ» አለች፤ ቀጥላም «ይቅር ይበሉኝ» ያለች መሰላቸው፣ ስልኩ ግን ተቋርጦ ነበር።

ዕዝራ በሥራ ባልደረባው ሞተር ሳይክል መጣ። ቢጫ ሰደርያው እየተርገበገበ በቀርከሃው መሐል እየሮጠ ሲመጣ ከሩቅ አዩት፤ ኛጃል ቲኬት ሳትጠይቀው አሳልፋዋለች። አጠገባቸው ሲደርስ ከእግር እስከ ራሳቸው አያቸው፣ እጃቸውን ያዘ፣ ፊታቸውን ነካ። ከዚያ ቁጣው መጣ።

«በምን ወጣሽ?»

«በግንቡ።»

«በግንቡ!» ፋጢማን አየ፤ ፋጢማ የሮቃውን ዛፍ ማየት ጀመረች። «እማዬ፣ ብትወድቂስ? በዚህ ዕድሜሽ ግንብ ትዘያለሽ? ታዲያ እኔ ምን ብዬ ነው ጤነኛ ነሽ የምለው?»

«ቆይ፣ ስለ ጭንቅላቴ እናውራ» አሉ ወይዘሮ እናትነሽ፣ ድምፃቸውን ሳያነሡ። «ዛሬ ጠዋት ለሚስትህ ያልከውን ሰምቻለሁ። ባለፈው ሳምንት የት ነበርሽ ብለህ ጠየቅኸኝ፣ ዛፎቹ ጋ ነበርኩ አልኩህ። እውነቱን ነው የነገርኩህ። አንተና ሺታዬ ተያያችሁና ዝም አላችሁ። የምን ዛፍ ብለህ ብትጠይቀኝ ኖሮ እነግርህ ነበር።»

ዕዝራ ቀና ብሎ ለመጀመሪያ ጊዜ የቆመበትን አየ። «ያ ባለ ፒክአፑስ?» አለ ዝግ ብሎ። «እዚህ ችግኝ የሚያመጣ ሰውዬ ነው። ባጃጅ ባጣ አደረሰኝ፤ ውሃ እንኳ ሳታጠጡት ነው የሄደው።» ዕዝራ ወንበሩ ጫፍ ላይ ቁጭ አለና ፊቱን በሁለት እጁ ያዘ። «አባዬ ሲሞት ሥራ ላይ ነበርኩ» አለ ከእጆቹ ሥር። «ሻንጣ ጭኜ ሳልጨርስ ስልክ ተደወለልኝ። ከዚያ ወዲህ ሥራ ላይ ሆኜ ስልክ በጮኸ ቁጥር ‹አሁን ደግሞ እማዬ› እላለሁ። ዛሬ ሺታዬ ስትደውል የሰው ሻንጣ ከእጄ ወድቆ ተከፈተ።» ወይዘሮ እናትነሽ ይህን አያውቁም ነበር። ስለ አባቱ ሞት በዚያ ቤት ማንም፣ ሌላው እንዳይከፋው፣ አንሥቶ አያውቅም። እጃቸውን ጀርባው ላይ አሳረፉ። ላቡ ሸሚዙን አርሶታል። ፋጢማ ተነሥታ፣ ውሃው ዳር ያለ አንድ ነገር በድንገት እጅግ እንደሳባት አስመስላ ራቅ አለች።

«እኔም ጥፋት አለብኝ» አሉ ወይዘሮ እናትነሽ ቆይተው። «የገዛኸልኝን ስልክ ቴሌቪዥኑ ላይ ትቼው ነው የምወጣው። ከእንግዲህ እይዘዋለሁ። ሐሙስ ሐሙስ እዚህ ነኝ። በሌላ ቀን ከጠፋሁ፣ ያኔ ፈልገኝ።» ዕዝራ ጭንቅላቱን ነቀነቀ። «ሰንሰለቱን ስገባ እጥለዋለሁ» አለ። ከዚያ ሳይታሰብ ሳቀ፤ «ግን እውነት በግንቡ ነው? ያን ግንብ እኮ ሌባ እንዳይዘለው ብዬ ነው ያሠራሁት።» «እንደገና አሠራው» አሉት።

ኛጃል በነጠላዋ ጫፍ የቋጠረችውን ፍሬ ይዛ መጣች። ከጓሮ በኩል ካለው የቅቤ ዛፍ ሥር የተለቀመ ነው፤ ሴቶች ገበያ ላይ ለፀጉርና ለወጥ የሚሸጡት ቅቤ የሚወጣው ከዚህ ፍሬ ዘር ነው። ዕዝራ አንዱን አንሥቶ በጣቱ ሲጫነው ለስላሳው ልጣጩ ተሰነጠቀ። አሸተተው፤ ገጽታው ተለወጠ። «ይሄማ...» አለ። «ከትምህርት ቤት ስንመለስ እኮ ከመሬት እየለቀምን ነበር የምንበላው። በሸሚዜ ሞልቼ አምጥቼ፣ አባዬ ‹ሸሚዙን አበላሸህ› ብሎ ሲቆጣ፣ ቆይቶ ግን የቀረውን ብቻውን ሲበላው ያዝኩት።» ወይዘሮ እናትነሽ ይህንንም አያውቁም ነበር። «ወንዳፈረው?» አሉ። «ለእኔ ሆዴን ያመኛል እያለ?» እናትና ልጅ እጃቸውና አገጫቸው እስኪጣበቅ ድረስ በሉ፤ ዘሮቹን እየሰበሰቡ ለኛጃል መለሱላት።

ከሰዓት በኋላ የሚገባው አውሮፕላን ቀርቧል። ዕዝራ ሰዓቱን አየና ለባልደረባው ለዳምጤ ደውሎ እንዲተካው ለመነው። «እናቴ ናት... አይ፣ ደህና ናት። በጣም ደህና ናት» ሲል ሰሙት። ከዚያ «እስቲ ትንሽ ልቀመጥ» አለና ጀርባውን ወንበሩ ላይ ጥሎ እግሩን ዘረጋ። ፋጢማ የሆነ የሚያስቅ ነገር ልትነግረው ስትመለስ አፉን ትንሽ ከፍቶ እንቅልፍ ወስዶታል። ቢጫ ሰደርያው ደረቱ ላይ ይነሳል፣ ይወርዳል። ከሌሊት ጀምሮ የቆመ ሰው እንደሆነ አሁን ገና ታየ።

አውሮፕላኑ ከከተማው በኩል ዝቅ ብሎ መጣ። ድምፁ ከመድረሱ በፊት ወፎቹ ተነሡ፤ ከዚያ ሆዱ የነጣው ግዙፍ ነገር በቅጠሎቹ መሐል እያገሳ በላያቸው አለፈ። ፋጢማ ጆሮዋን ያዘች። ዕዝራ ቤት ውስጥ ተኝቶ እያለ እንኳን፣ ይህ ድምፅ ከሩቅ ሲመጣ ብድግ የሚል ሰው ነው። አልተነቃነቀም። «ልቀስቅሰው እማማ?» አለች ፋጢማ በሹክሹክታ። ወይዘሮ እናትነሽ ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አደረጉ። ፀሐዩ ዞሮ በቅርንጫፎቹ መሐል አንድ ቀዳዳ አግኝቶ የልጃቸው ዓይን ላይ አርፎ ነበር። ቀስ ብለው ተነሡ፣ ነጠላቸውን በሁለት ትከሻቸው ላይ ዘርጋ አደረጉና መጥተው በፀሐዩ በኩል ቆሙለት።